ሥጋው ሳይበላ የሚደርስ ውጤት

እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ሰው ጡረታ አላወጣኝም። ጂንካ ውስጥ በሥጋ ቤት በር ካለፍኩ አንዱ ይጠራኛል። "ጋሽ ታምራት፣ እስቲ ይህቺን ይዩልኝ፤ ትበላለች?" ይለኛል። ዓይኔ እንኳን ሥጋ መንገዱንም በቅጡ አያይ። "ቀቅለህ ብላ" ብዬው አልፋለሁ፤ ይቀየመኛል። ያን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ለሰው የተረፈኝ ምክር ይኸው መሆኑ አንዳንዴ እኔንም ያደክመኛል።

ሰሞኑን ደግሞ በቦታዬ የገባችው ልጅ መንገድ ላይ አግኝታኝ አዲስ ፈጣን መመርመሪያ ሊመጣ ነው አለችኝ። "ከበፊቱ ይሻላል አሉ" አለች። "ይሻል ይሆናል፤ እናንተ ግን ፈትኑት" አልኳት። ወደ ቤቴ ስገባ ግን ያለፈው ሁሉ ተነሣብኝ። የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። አባቴ ከሰሜን ለሥራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። እኔ የተወለድኩት ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ሲሆን፣ ያኔ ሜዳው ሣር ስለነበረ አውሮፕላን ሲመጣ ከብቱን የሚያባርር ሰው ያስፈልግ ነበር። በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥኜ ስመለስ ቤተሰቡ ሁሉ ላም አክሜ ስም የማተርፍ መስሎት ደስ አለው። የተመደብኩት ግን ቄራ ነው። እናቴ "ለማከም ተምረህ የሞተ ልትጠብቅ?" አለችኝ።

ቄራው ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ አጠገብ ያለ ቆርቆሮ ቤት ነበር። እዚያ የተቀበሉኝ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ መንገሻ ናቸው። ላቦራቶሪ ስል አንዲት ክፍል፣ አንድ ማይክሮስኮፕና ባክቴሪያ የምናሳድግበት አንድ የሙቀት ሣጥን ማለቴ ነው። ጋሽ መንገሻ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናደዱ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ነበሩ። ሹክ ካሉ ቄራው ሁሉ ይንቀጠቀጥ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርቴ አንገት ነው። በሬ ከታረደ በኋላ የሚሰቀለው በኋላ እግሩ ስለሆነ ከቆዳው፣ ከሰው እጅ፣ ከተቀደደ አንጀት የነካው ነገር ሁሉ እየተንጠባጠበ ወደ አንገቱ ይወርዳል። ሥጋ ሻጭ ደግሞ የሚያሳይህ ታፋውን ነው። "ሙሽራ የምታሳይህ ፊቷን ነው፤ አንተ ተረከዟን እይ" ይሉኝ ነበር። በእርጥብ ስፖንጅ መጀመሪያ አንገቱን፣ ቀጥሎ ፍርምባውን፣ ታፋውን መጨረሻ ያብሳሉ። ሲያብሱ ይጫናሉ። እኔ እንደ አቧራ ጠራጊ ላይ ላዩን ሳስኬደው እጄን በእጃቸው ይዘው ወደ ሥጋው ገፉት። "ባክቴሪያ አትለምነውም፣ ትፍቀዋለህ" አሉኝ።

ስፖንጁ ከሾርባ መሰል ፈሳሽ ውስጥ ይገባና ያድራል። ከዚያ ወደ ሌላ ፈሳሽ ይሄዳል፣ እንደገና ያድራል፣ ከዚያ በጄሊ በተሞላ ሰሃን ላይ ይሠመራል። ሰውን በተቅማጥና በትኩሳት የምትጥለው ባክቴሪያ ሳልሞኔላ ካለች መሐሏ የጠቆረ ነጠብጣብ ሆና ትበቅላለች። አንድ ውጤት አምስት ቀን ይፈጃል። መብራት ከጠፋ ሁሉም ይበላሻል፤ ጂንካ ውስጥ ደግሞ መብራት መጥፋት ልማዱ ነው። ያኔ ጋሽ መንገሻ ብልቃጦቹን በነጠላ ጠቅልለው ሆዳቸው ላይ ያስሩና ኮታቸውን ደርበው ይቀመጣሉ። "የሰው ሆድና የዚያ ሣጥን ሙቀት አንድ ነው፤ የእኔ ጀኔሬተር ሽሮ መሆኑ ነው ልዩነቱ" ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ በዚያው እንደታጠቁ ስብሰባ ገብተው፣ አዲስ የመጣው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ሆዳቸው ያበጠ መስሎት ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ፈቃድ ሰጥቷቸዋል።

ውጤት በደብዳቤ አይልኩም። በእግራቸው ሄደው በአፋቸው ይናገራሉ። "ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል" ነው ምክንያታቸው። ከሚመረምሩት ሥጋ ቤት ደግሞ ቆመው ሻይ እንኳ አይጠጡም ነበር።

በመሐሉ ወደ ወረዳዎቹ ተልኬ ሠርቻለሁ። ስለ ደመወዙ አላነሣም፤ አበሉ ዘግይቶ ይመጣ ነበር ብል ይበቃል። ከሃና ከተማ ናሙና በበረዶ ሣጥን ይዤ መኪና ስጠብቅ በረዶው ቀልጦ፣ ጂንካ ስደርስ ሣጥኑን የከፈተው ሰው ወደ ኋላ ሸሽቷል። አርቦሬ ላይ ሙቀቱ የሰሃኑን ጄሊ ሲያቀልጥብኝ ቁጭ ብዬ ከማየት በቀር ያደረግሁት የለም። ቱርሚ ላይ የታረደች ፍየል በስፖንጅ ሳብስ አንድ የሐመር ሽማግሌ ለረጅም ጊዜ ተመለከተኝና በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። አስተርጓሚው እየሳቀ "ፍየሏ እኮ ሞታለች፤ ከዚህ ወዲያ ምን እንዳያማት ነው የምትመረምራት እያለህ ነው" አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ጥያቄው ያን ያህል አላሳቀኝም፤ ውጤቱ ተሠርቶ ሲደርስ ሥጋው ተበልቶ አጥንቱን ውሻ ጨርሶታልና።

ይህን ነገር በቀልድ ማለፍ የተውኩት በአንድ ፋሲካ ነው። የሰፈራችን ሰዎች በሬ ገዝተው ለቅርጫ አረዱ። እርዱ በቄራው ስለነበረ በዓይኔ መረመርኩት፤ ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ዕጢው ሁሉ ደህና ነበር። ማኅተም መታሁበት። ለወሩ ከምንወስዳቸው ናሙናዎች አንዱንም ከእሱ ወሰድኩ። ጾሙ ሲፈታ ሰዉ ጥሬውን በላ። ሰኞ ብዙ ሰው ታመመ። ከታመሙት መካከል ገበያው ዳር እህል የሚሸጡት የእትዬ በላይነሽ ትንሹ ልጅ ነበር። ሌላው ሁሉ ዳነ፣ ልጁ ሞተ።

ልጁ በተቀበረ ማግስት ሰሃኑ ላይ መሐላቸው የጠቆረ ነጠብጣቦች በቀሉ። ጋሽ መንገሻ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ኮታቸውን አነሡና "ና" አሉኝ። ልቅሶ ቤት ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ እትዬ በላይነሽ አጠገብ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሥጋው ላይ ምን እንደተገኘ ነገሯቸው።

"መቼ ነው የወሰዳችሁት?" አሉ እትዬ በላይነሽ።

"ቅዳሜ፣ እንደታረደ።"

"ቅዳሜ?" አሉ፤ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያዩ። "ታዲያ ሳንበላው በእጃችሁ ነበር። በእጃችሁ ነበር እኮ!"

ማንም ያጠፋው ነገር አልነበረም። በዓይን የማይታየውን አላየሁም፣ ባክቴሪያም በሰው ትእዛዝ ፈጥኖ አይበቅልም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ያ ቃል ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ኖሯል። እትዬ በላይነሽም ከዚያ በኋላ ጥሬ ሥጋ ቤታቸው አላስገቡም፤ ለበዓልም ለክርስትናም ሥጋቸው ድስት ውስጥ ሲንተከተክ ይውላል። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ። ማታ የታረደ ጠዋት ሳይበላ የሚታወቅበት መመርመሪያ እንዲመጣ ተመኘሁ።

ዓመታት አለፉ። ጋሽ መንገሻ ጡረታ ወጡ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ከመሐል ከተማ ወጣ፣ እኔም ሸበትኩ። ጡረታዬ ሲቃረብ ነው ፈጣኑ መመርመሪያ ያለበት ሣጥን የመጣው። ከአዲስ አበባ ሁለት ባለሙያዎች ይዘውት መጡ። ውስጡ ጣት የምታህል፣ ስትሪፕ የሚሏት የወረቀት ቁራጭ አለች። ስፖንጁን በፈሳሻቸው ለአንድ ሌሊት ያህል ታቆይና ስትሪፗን ትነክራለህ። አንድ መስመር ከወጣ ሳልሞኔላ አልተገኘችም፣ ሁለት ከወጣ አለች። የእኛ ሥራ ስትሪፗ እውነት መናገሯን መፈተን ነበር። ካለፈች ላቦራቶሪ ወደሌላቸው ወደ ሃና፣ ወደ ቱርሚ፣ ወደ አርቦሬ ትላካለች።

አፈታተኑ ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ሥጋ በአንድ ስፖንጅ ትወስዳለህ፤ ፈሳሹን ለሁለት ትከፍላለህ። ግማሹ ለስትሪፗ ይሰጣል፣ ግማሹ በአሮጌው መንገድ ወደ ሰሃን ይሄዳል። ሰሃኑ ዳኛ ነው፣ ስትሪፗ ተከሳሽ ናት። የላቦራቶሪው አዲስ ኃላፊ ዶክተር ኤፍሬም፣ እንግዶቹና እኔ በየምሽቱ ቄራ እናመሻለን፣ ጠዋት ላቦራቶሪ እንገናኛለን።

የመጀመሪያው ዙር እንደ ተአምር ሄደ። ስትሪፗ "የለም" ትላለች፣ ከቀናት በኋላ ሰሃኑም "የለም" ይላል። አንድም ልዩነት የለም። እንግዶቹ ተጨባበጡ። እኔ ስትሪፗን በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መስኮቱ ወስጄ ደጋግሜ አያት ነበር። ደስታ ነው፤ ምን እደብቃለሁ።

ጂንካ ትንሽ ከተማ ናት። በቅዳሜ ገበያ እትዬ በላይነሽ እህላቸውን ትተው ወደ እኔ መጡ።

"ታምራት፣ እውነት ነው? በሌሊት የሚያውቅ ነገር መጣ?"

"እየሞከርነው ነው" አልኩ። ፊቴ ግን ከአፌ ቀድሞ ነግሯቸዋል መሰለኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ከፋሲካ በኋላ ትልቁን ልጄን እድራለሁ። ለሰርጉ ቁርጥ አቀርባለሁ። ቤቴ ቁርጥ ከገባ ስንት ዘመኑ! በሬው በእናንተው ይታይልኝ።"

"ይታይልዎታል" አልኳቸው።

በዚያው ሰሞን ጋሽ መንገሻን ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። እግራቸው ታሞ ጓሮ ሙዝ ሥር ይቀመጡ ነበር። ወሬውን በደስታ ነገርኳቸው።

"አንድም አልተገኘ?" አሉ።

"አንድም።"

"ከአንገቱም?"

"ከአንገቱም።"

ድምፃቸው ቀነሰ። "ጂንካ ቄራ ውስጥ ሳልሞኔላ ከጠፋች እንግዲህ ገነት ገብተናል ማለት ነው። ታምራት፣ ሁለት ዕውሮች 'መንገዱ ገደል የለውም' ብለው ቢስማሙ ታምናቸዋለህ?"

ተናድጄ ነው የወጣሁት። ደስታዬን የቀሙኝ መሰለኝ። ግን በማግስቱ ከእንግዶቹ ቀድሜ ሳልነግር ቄራ ገባሁ። ከበሩ ጀምሮ በረኪናው አፍንጫዬን መታኝ። የአራጆቹ አለቃ ማርቆስ ባልዲ ይዞ፣ የተሰቀለውን ሥጋ በረኪና በነከረው ጨርቅ ከአንገት እስከ ታፋ ያብሳል። ሌሎቹም እንደዚያው።

"ማርቆስ! ምንድን ነው የምትሠሩት?"

ማርቆስ የኣሪ ሰው ነው፤ ከእኔ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። የደነገጠው በጩኸቴ እንጂ በሥራው አልነበረም። "እንግዳ ይመጣል አይደል ጋሼ" አለኝ። "ከሩቅ አገር መጥተው ቆሻሻ ሥጋ ልናሳይ ነው? ጂንካ ቄራ እንዲህ ነው ብለው ሄደው ያወራሉ። እኛ እናፍራለን፣ አንተም ታፍራለህ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመጀመሪያ ቀን። እነሱ ሲሄዱ በውሃ ብቻ እናጥባለን፣ እንደ ድሮ።"

የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አልኩ። እንግዶቹ በየምሽቱ ሲገቡ ሽታውን የቄራው ንጽሕና አድርገው ሲያመሰግኑ፣ እኔም ወለሉ የታጠበበት መስሎኝ ነበር። ያ ሁሉ ስምምነት በረኪናው የገደለውን ስትሪፗም ሰሃኑም ሳያገኙት መቅረታቸው ብቻ ነበር። ማርቆስን ልቆጣ ፈለግሁ፤ አቃተኝ። እኔም ቤቴ እንግዳ ሲመጣ የተቀደደውን ምንጣፍ ገልብጬ የማነጥፍ ሰው ነኝ። ገመናውን ለእንግዳ የሚያሳይ አገር የት አለ?

ለዶክተር ኤፍሬም ነገርኩት። ራሱን ያዘ፤ ግን ሰውዬው ጨዋ ነውና ሊሸፍነው አልሞከረም። ለእንግዶቹ ነገራቸው፤ ሁለተኛ ዙር ተጀመረ። በረኪና ቀረ። ጾም ገብቶ እርድ ስለቀነሰ ናሙናው ቶሎ አልሞላም፤ ጎተተን።

በዚህ ዙር ሰሃኖቹ ጠቆሩ። ስትሪፗ ግን ሰሃኑ ካሳየው ብዙውን አላየችውም። ደሙ ይሁን፣ ስቡ ይሁን፣ የክፍላችን ሙቀት ይሁን፣ ምክንያቱን እስካሁን አላውቅም። ሰሃኑ የጠቆረበትን ናሙና ስትሪፕ እያወጣሁ መስኮት ላይ አያት ነበር። ሁለተኛዋ መስመር ጥላዋ እንኳ እንድትታየኝ ዓይኔን አጠብባለሁ። የለችም። ደግሜ እነክራለሁ። የለችም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የደከመኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ዶክተር ኤፍሬም በሩን ዘጋና አጠገቤ ተቀመጠ። "ጋሽ ታምራት፣ እስቲ ያስቡት። ሃና ላይ ዛሬ ምን አለ? ምንም። የተወሰነውን እንኳ ከያዘችልን ከምንም ትሻላለች። ጉድለቷን ጠቅሰን እናሳልፋት።"

ግማሽ ልቤ አምኖት ነበር። እንዳምነው ስለፈለግሁም ነው። ያን ሰሞን ጠዋት ቄራ ስገባ ማርቆስ ከተሰቀለው ሥጋ ቆርጦ በሚጥሚጣ ይበላል። ጴንጤ ስለሆነ የእኛ ጾም አያግደውም፤ ያስገረመኝ ጥሬውን መብላቱ ነው። ማርቆስ ሥጋውን ወደ ቤቱ ወስዶ ቀቅሎ የሚበላ ሰው ነበር።

"ዛሬ ምን ነካህ?" አልኩት።

"ወረቀቷ አሳልፋዋለች እኮ ጋሼ" አለኝ፣ እያኘከ። ቢላዋውን ብቀማውም የዋጠው አልተመለሰም።

የዚያ ሥጋ ሰሃን ከቀናት በኋላ ጠቆረ። ማርቆስ ቀድሞ ታሞ ተኝቶ ነበር። ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅሁት፤ ከስቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ አገኘሁት። እግዜር ይመስገን ተነሣ። ከእሱ ስመለስ ቀጥታ ዶክተር ኤፍሬም ዘንድ ገባሁ።

"ዶክተር፣ ከምንም አትሻልም። ምንም የሌለው ሰው ይቀቅላል። ስትሪፕ ያለው ሰው ጥሬውን ይበላል።"

ዶክተር ኤፍሬም የሪፖርቱን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። ከዚያ ብዕሩን አንሥቶ ለሥራ ብቁ አይደለችም ብሎ ጻፈ፤ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ። "እንግዶቹ እስኪያጸድቁት ግን ውጭ እንዳይወራ፤ አደራ" አለኝ። አደራውን ሰማሁ። ፋሲካ አልፏል፤ ዕለቱ ዓርብ ነው፤ የእትዬ በላይነሽ ሰርግ እሑድ ነው። በሬው ቅዳሜ ይታረዳል። ልጁን ያስቀበርንባቸው እናት የእኛን ስትሪፕ አምነው ለሰርገኛ ቁርጥ ሊያቀርቡ ነው። አደራውን አልጠበቅሁም።

ድንኳኑ ተተክሏል፤ ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ። እትዬ በላይነሽ ሲያዩኝ እጃቸውን በመቀነታቸው ጠረጉና ሳቁ። "መጣህ? በሬውን ልታይልኝ ነው?" አሉ። ወደ ጓዳ ይዣቸው ገባሁና ስትሪፗ እንደማትታመን፣ ያለውን የለም እንደምትል ነገርኳቸው።

ሳቁ ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ጠፋ። "ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ እኮ። አጎቶቹ ከጎፋ መጥተዋል። ልጄን በቅቅል ልድረው?"

"አዎ እትዬ።"

"ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠሩ ነበር?"

"ይህንኑ ስናጣራ ነበር።"

ጓዳው ውስጥ ትተውኝ ወደ ሴቶቹ ወጡ። ወደ ሰርጉ ላለመሄድ አስቤ ነበር፤ ባለቤቴ ገፋችኝ።

እሑድ ሥጋው በትልልቅ ብረት ድስት ቀረበ። ሰርገኛው አጉረመረመ። ሚዜዎቹ ቢላዋ ይፈልጋሉ፤ ቢላዋ የለም። አንዱ አጎት ድምፁን ከፍ አድርጎ "ይሄ ሰርግ ነው ተዝካር?" አለ፤ ድንኳኑ ሳቀ። እትዬ በላይነሽ ከመሐል ተነሡና "ቁርጡን የከለከለው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቁት!" ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ተነሥቼ መሄድ ፈለግሁ፤ ግን እዚያው ተቀመጥኩ።

ሙዚቃው ሲጀምር እትዬ በላይነሽ ሰሃን ይዘው አጠገቤ መጡና ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ ሙሽራው ሲጨፍር አየን። ከዚያ ሰሃኑን ወደ እኔ ገፉት።

"ያኔ ከቀብር በኋላ መጣችሁ" አሉኝ፣ ወደ ሙሽራው እያዩ። "ዘንድሮ ከድግሱ በፊት መጣህ። ብላ።"

በላሁ።